ግምት የማትወደው ዘሃራ

ዘሃራን ከገዳሪፍ ወደ ሀዋታ በሚወስደው መንገድ ላይ ገደሏት። የነገረኝ ይዟት ይሄድ የነበረው የቦክሲ፣ የፒክአፕ መኪና፣ ሹፌር ነው፤ እሱ በሰደፍ ጆሮ ግንዱን ተመትቶ ተርፏል። ሁለት የታጠቁ ሰዎች መኪናውን አስቁመው «ላፕቶፑን አምጪ» አሏት። እሷም ከፍታ እያሳየቻቸው፣ «ምን ይሠራላችኋል? ስክሪኑ እኮ ሙት ነው» አለቻቸው። አንደኛው ሳቀ። ሁለተኛው፣ ሹፌሩ እንዳለኝ፣ የጓደኛው ሳቅ ሳያልቅ ተኮሰ። ላፕቶፑንም አልወሰዱት፤ ደም ነክቶት ስላዩ ቦይ ውስጥ ወረወሩት።

ይህን የሰማሁ ቀን እንባ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ንዴት ነው። ሦስት ቀን ካገኘሁት ሰው ሁሉ ጋር ስጣላ ከረምኩ፤ በአራተኛው ቀን ይህን መጻፍ ጀመርኩ። አስተማሪ ነኝና ነገር በቅደም ተከተል ካልሄደ አይዋጥልኝም። መጀመሪያ ማን እንደነበረች እናገራለሁ፣ ከዚያ ሥራዋን፣ ከዚያ ያችን ሐሙስ።

ወላጆቿ ከመተማ ተሻግረው ገዳሪፍ ሱቅ የከፈቱ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ነበሩ። እሷ የተወለደችውም ያደገችውም ገዳሪፍ ነው። አማርኛዋ የእናቷ የጎንደር አማርኛ ነው፤ ስትናደድ ግን ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ ትጨርሰዋለች። ካርቱም ኮምፒውተር ተምራ እዚያው ትሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር አንድ ላፕቶፕ የሱዳን ሴቶች በሚከናነቡት ረጅም ጨርቅ፣ በቶቧ፣ ጠቅልላ ወደ ምሥራቅ ሸሸች። መንገድ ላይ አንድ ኬላ ያቆማት ታጣቂ ላፕቶፑን ክፈቺ አላት። ከፈተችው። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ሲያይ የሰላይ ዕቃ ነው ብሎ በሰደፍ መታው። ተንደርድራ ልትቀማው ስትል በዚያው ሰደፍ አፏን አላት። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወለቁ፤ የስክሪኑም ሁለት እጅ ለዘለዓለም ጠቆረ። የሚታየው የላይኛው ሲሶ ብቻ ነው፤ ስምንት መስመር ቢሆን ነው።

«እኔና እሱ መንትያ ሆነናል» ትል ነበር፣ በክፍተቱ በኩል እያፏጨች። «ሁለታችንም ፊታችን ተበላሽቷል፤ ሁለታችንም እንሠራለን።»

ተሳሊ፣ ማለትም የሐብሐብ ፍሬ ቆሎ፣ ከኪሷ አይጠፋም። የፊት ጥርስ ስለሌላት በጎን እየፈለቀቀች ገለባውን መሬት ላይ ትተፋለች። ሥራ ሲከብዳት መትፋቷ ይፈጥናል። ሥራው ሲገባት ታቆማለች።

እኔ ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ትንሽ መጠለያ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። በረሃቡ ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ሰሌዳ እያዩ መውደቅ ጀመሩ። መጀመሪያ አንዲት ልጅ ወደቀች፤ ቀጥሎ በቀን ሁለት ሦስት ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋና የሕፃናት ምግብ ማደያ ውስጥ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ምግቡ በትንሽ ላስቲክ የታሸገ የለውዝ ልውስ ነው፤ ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ብቻ ይሰጣል። ማን ከአምስት በታች እንደሆነ የሚለየው፣ ዝርዝሩንም የሚያወጣው አንድ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን የምትጠብቀው ዘሃራ ነበረች።

የመጀመሪያው ቀን «እትዬ ዘሃራ» አልኳት።

«እትዬ ያልከኝ ስንት ዓመት ሰጥተኸኝ ነው? ያ ኡስታዝ፣ ገና አልተዳርኩም!»

ከዚያ ወዲህ ዘሃራ እላታለሁ፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው ኡስታዝ አለችኝ፣ መምህር ማለት ነው። ግማሹ ፌዝ ነበር።

በሳምንቱ ፕሮግራሙ በመሐል ቆመ። «መብራቱ ነው መሰለኝ» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በሌላ ቀን እንደገና ሲቆም «ምናልባት ቫይረስ ይሆናል» አልኩ፤ እፍኝ የተሳሊ ገለባ ፊቴ ላይ በተነችብኝ። በሦስተኛው ቀን አፌን ገና «ምናል…» ብዬ ስከፍት ማጅራቴን በጥፊ አጮለችው። ቀልድ አልነበረም፤ ጆሮዬ ጮኸ።

«እዚህ ቤት የሚገምት ሰው አይገባም» አለችኝ። «አንተ ስትገምት ውጭ ያለው ይሞታል። እኔ አልገምትም፤ እጠይቀዋለሁ።»

የምትጠይቀው ፕሮግራሙን ነው።

እጇ ለመማታት ፈጣን እንደነበር አልደብቅም። አንድ ጥበቃ ነበረን፤ ሰልፍ የገቡ ሴቶችን በጎማ ቱቦ ይገርፍ ነበር። አንድ ጠዋት ቱቦው እርጉዝ ሴት ጀርባ ላይ ሲያርፍ ዘሃራ በመስኮት አየች። የተቀመጠችበትን በርጩማ ይዛ ወጣችና ትከሻው ላይ ሰበረችው። ሰውዬው እጥፏ ነው። ዞሮ አያት። እሷ የበርጩማውን አንድ እግር ይዛ ቆማለች።

«ኸላስ፣ በቃህ? ወይስ ልድገምህ?»

እሱም «እብድ ነሽ እንዴ አንቺ ሴት?» አለ። ቱቦውን ግን ጣለው። ማታ ላይ ሰው መምታት እንደሚጥማት ራሷ ነገረችኝ። «ጣዕሙን አውቀዋለሁ፤ ለዚህ ነው የምፈራው» አለች።

አሁን ሥራዋን ላስረዳ። የኮምፒውተር ፕሮግራም መጀመሪያ ሰው የሚጽፈው ጽሑፍ ነው። የእኛው ፕሮግራም ጽሑፍ ሠላሳ ያህል ፋይል ውስጥ ተበትኖ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ቁጥር የሚቀመጥባቸው ቫሪያብል የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ስም የተለጠፈበት ጣሳ በሏቸው። ጣሳው አገልግሎት ከመስጠቱ በፊት ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ «ከዚህ ጀምሮ ይህ ስም ያለው ጣሳ አለ» ብሎ ማስታወቅ አለበት። ጣጣው አንድ ስም ሁለት ቦታ ሊወጣ መቻሉ ነው። ጽሑፉ እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ ክፍሎች አሉት፤ ከሁሉም ክፍል ውጭ የወጣው ስም ለመላው ፕሮግራም ይታያል። በአንድ ክፍል ውስጥ የወጣው ለዚያ ክፍል ብቻ ነው፤ ግን እዚያ ውስጥ የውጭውን ይሸፍነዋል። ለተማሪዎቼ ብነግራቸው እንዲህ እላለሁ፦ ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ «ሙሉቀን!» ብለው ሲጠሩ የሰልፉ አለቃ ሙሉቀን ይወጣል። እኔ ክፍሌ ገብቼ «ሙሉቀን!» ስል ግን የሚነሣው ኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው የክፍሌ ሙሉቀን ነው። ስሙ አንድ ነው፤ የሚመጣው ሰው ሌላ ነው።

ታዲያ ስሙ የት እንደወጣ ለማወቅ ሠላሳውን ፋይል በስምንት መስመር ቀዳዳ ማንበብ አይቻልም። ዘሃራ የምትጠቀመው ዲበገር የሚባለውን ነው። ዲበገር ሌላውን ፕሮግራም ይዞ የሚያሠራ፣ በፈለጉት ቦታ ቀጥ የሚያደርግ፣ ከዚያም የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። መስኮትና ቁልፍ የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚታዘዝ ዓይነት ነበር የያዘችው፤ ለተሰበረው ስክሪን የሚበቃው እሱ ብቻ ነው። ትእዛዝ ትጽፋለች፣ መልስ ታነባለች።

«ምርመራ ነው» ትላለች። «ልዩነቱ፣ ይኼ ሳይገረፍ እውነቱን ያወጣል።»

ወደ ሐሙሱ ልመለስ።

ከዚያ ሐሙስ ሁለት ሳምንት በፊት አዲስ ሰዎች መጥተው ነበር። ድንበሩ ላይ ባለው ፋሽጋ ሰሊጥና ማሽላ እርሻ ላይ የቀን ሥራ ሲሠሩ ተኩስ ያባረራቸው ናቸው፤ አንዳንዱ የሞተበትን ሳይቀብር ነው የመጣው። መጠለያው ጫፍ ላይ በአገዳ ራኩባ፣ የሱዳን ዳስ፣ ሠርተው ሰፈሩ። ልጆቻቸውን የመዘገብኩት እኔ ነኝ። መዝገቤ ያማረ ነበር፤ መስመሩን በቀይ፣ ስሙን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፍኩ። የስደተኛ ካርድ ስላልነበራቸው ዘሃራ ለእነሱ ብቻ የሚሆን አዲስ ክፍል ፕሮግራሙ ላይ ጨመረችና ገዳሪፍ ሄደች።

ምግቡ የሚታደለው ሐሙስ ሐሙስ ነው። በመጀመሪያው ሐሙስ ዝርዝሩ ሲወጣ የነባሮቹ ልጆች ሁሉ አሉ፤ ከአዲሶቹ አንድም የለም። እናቶቹ ከበቡኝ።

«ገና ከገዳሪፍ አልጸደቀም መሰለኝ» አልኳቸው። «ለሚቀጥለው ሐሙስ ይመጣል።»

ገመትኩ። የሻረግ የምትባል ሴት ልጇን አቅፋ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር። ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ክንዱ እንደ እስክሪብቶዬ ነበር። «እስከ ሐሙስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ እስከ ሐሙስ» አልኳት። ሄደች።

በሁለተኛው ሐሙስ ማለዳ ዘሃራ ከገዳሪፍ ገባች። ዝርዝሩ ወጣ፤ ከአዲሶቹ ዛሬም አንድ ስም የለም። በዚያው ሰዓት አንድ ሰው የመጋዘኑን በር ከፈት አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። ሳጥኑ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ለልጆቻቸው መሰጠት የነበረበት ስላልተሰጠ ነው የተረፈው፤ ለእነሱ ግን ሌላ ነገር ታያቸው።

«ደብቆታል! ሊሸጠው ደብቆታል!»

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ታረቀኝ ይባላል። ስልሳ ያለፈው የጎንደር ሰው ነው፤ ቁልፉን በሲባጎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ከበሩ ሲጎትቱት ሲባጎው አንገቱን እንደ ቢላ ቆረጠው። የመጀመሪያው ድንጋይ ጆሮውን መታው፤ የጆሮው ጫፍ ሲንጠለጠል ከመስኮቱ አየሁት። ጥበቃው አንዴ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ ወደ እሱም ድንጋይ ሲዞር ጠመንጃውን ይዞ ሮጠ። ከዚያ አንዱ «ጋዝ አምጡ! ከነ ነፍሱ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ጀሪካን ፍለጋ ሲሮጥ አየሁ።

እኔና ዘሃራ ከግቢው ማዶ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነን። ጠረጴዛውን ጎትቼ በሩን ደገፍኩበት።

«ውጪና ንገሪያቸው!» አልኳት።

«ምን ብዬ? መሰለኝ ብዬ?» አለች። ላፕቶፑን ከፍታለች። «አንድ ስም ስጠኝ። ከአዲሶቹ።»

«ሞላልኝ አዱኛ» አልኳት። የየሻረግ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው።

ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ይዘንባል። ከውጭ የጋሽ ታረቀኝ ድምፅ ይሰማል፤ መጀመሪያ «ልጆቼ፣ ልጆቼ» ይል ነበር፣ ኋላ ቃል የሌለው ድምፅ ብቻ ሆነ። እሷ ተሳሊውን እየፈለቀቀች ትተፋለች፣ ትጽፋለች።

በመጀመሪያ ዕድሜ የሚሰላው የዘንድሮን ዓመት ከያዘው ቫሪያብል መሆኑን አረጋገጠች። ስሙ «ዓመት» ነው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ። ከዚያ ዲበገሩን «ኢንፎ ቫሪያብልስ» በሚለው ትእዛዝ ጠየቀችው፤ በዚህ ስም የወጣ ጣሳ የት እንዳለ ፋይሉንና መስመሩን ይናገራል። አንድ መልስ መጣ፤ የመጀመሪያው ፋይል፣ አሥራ አራተኛ መስመር። በውስጡ ያለውን ቁጥር አሳየኝ አለችው። አሳያት። እሷ ግንባሯን ቋጠረች፤ ለእኔ ግን ትክክለኛው ዓመት ነው።

«እንግዲያው ፕሮግራሙ ደህና ነው» አልኩ።  «እንግዲያው ጋሽ ታረቀኝ በእርግጥ…»

«ዝም በል! ይኼ ትእዛዝ የሚያየው ከክፍሎቹ ውጭ ያሉትን ብቻ ነው። ውስጥ የወጣውን አያይም። ገና ውስጥ አልገባሁም።»

ዕድሜ በሚሰላበት ክፍል መግቢያ ላይ ማቆሚያ አደረገች። ፕሮግራሙን በሞላልኝ ስም አስነሣችው። እዚያው ሲደርስ ቀጥ አለ። ሁለት መስመር እየገፋች ወሰደችውና፣ እዚያ ቆሞ ሳለ፣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው፦ ዓመት ስንት ነው?

ሌላ ቁጥር መጣ።

መትፋቷን አቆመች።

«ኢንፎ ሎካልስ» ብላ ጻፈች፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ብቻ የወጡትን ስሞች የሚዘረዝር ትእዛዝ ነው። ከአራት ስሞች መካከል ሦስተኛው «ዓመት» ነበር። ሁለት ሙሉቀን።

ቁጥሩን አየሁት። «ይኼ የፈረንጅ ነው» አልኩ።

«ሚላዲ ነው፤ እና? ዓመት ሚላዲ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«የልጆቹ ልደት በእኛ ነው።»

«በእናንተ ማለት?»

«በኢትዮጵያ አቆጣጠር። መዝገቡ ሙሉ።»

ዞራ አየችኝ። ገዳሪፍ ያደገ ሰው ትምህርት ቤቱም፣ መታወቂያውም፣ ደሞዙም በሚላዲ ነው። የእኛ አቆጣጠር ለእሷ እናቷ ዘመዶቿ የሞቱበትን ዓመት የምትቆጥርበት ነገር ብቻ ነበር። እኛ ደግሞ፣ ከፋሽጋ የመጡት እናቶችም እኔም፣ ሌላ ዓመት መኖሩ ትዝ አይለንም። ልደቱን በእኛ ዓመት ይዞ ዘንድሮን በፈረንጅ ዓመት ከቆጠሩ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመራል። ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ አሥር አሥራ አንድ ሆኖ ይወጣል፤ ትናንት የተወለደ ሕፃንም ሰባት ስምንት ዓመቱ ነው። ፕሮግራሙን መጀመሪያ የጻፈው ሰው የእኛ አገር ሰው ስለነበር ይህን አውቆ በውጭኛው ጣሳ ዓመቱን በእኛ አድርጎ አስቀምጦታል። ለዚህ ነው የነባሮቹ ልጆች ያልጠፉት።

«የት ላይ ጻፍክልኝ በእናንተ መሆኑን?» አለችኝ።

የትም። መስመሩን በቀይ አስምሬ፣ ከላይ «የትውልድ ዘመን» ብዬ፣ የማን ዘመን እንደሆነ አልጻፍኩም።

መልስ አልጠበቀችም። በዚያ ክፍል ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ አሳየኝ ብላ ዲበገሩን አዘዘችው። ስምንት መስመር መጣ። በአምስተኛው መስመር ላይ ያ ስም ሁለተኛ ጊዜ ወጥቷል። ከጎኑ ዘሃራ በጻፈችው መስመር ሁሉ ላይ የምታስቀምጣት ኮከብ አለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ለአዲሶቹ ብላ የጨመረችው ክፍል ነው። ዓመት የሚባል ነገር አስፈለጋት፤ ዓመት ብላ ስም አወጣች። በውጭ ሌላ ዓመት እንዳለ አላወቀችም።

«የኔ ናት» አለች። በጣቷ መስመሯን ነካቻት። «ወላሂ፣ የኔ ናት።»

ውጭ «ጋዙ መጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ማሽኑ ተሳሳተ በያቸው!» አልኳት። እጇን ይዣለሁ።

«ማሽን ካልኳቸው ዓሚ ታረቀኝን ይጨርሱታል። ማሽን አይደማም። ሰው ነው የሚፈልጉት።» ዓሚ አጎቴ ማለት ነው፤ እንዲያ ነበር የምትጠራው። ጠረጴዛውን በእግሯ ገፍታ በሩን ከፈተች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከበሩ ሥር ሆኜ ነው ያየሁት። ዘሃራ ግቢውን አቋርጣ ጋሽ ታረቀኝ ወደተዘረጋበት ሄደች። ልብሱ በጋዝ ረጥቧል። ክብሪት የያዘውን ሰው በክርኗ ገፍታ መሐል ገባች።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «የልጆቻችሁን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ! እሱን ልቀቁት!»

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«ኡስታዛዋ ናት፤ የኮምፒውተሯ።»

«ሸጠሽው ነው?» አለ አንዱ።

«አልሸጥኩም። ዕድሜያቸውን አሳስቼ ነው። በሚላዲ ቆጠርኳቸው፤ አስረጀኋቸው። ምግቡ እዚያው ነው፣ ከድርሻቸው አንድ ሳጥን አልወጣም።»

«አስረጀኋቸው ትላለች!» ብሎ አንድ ጎልማሳ ከት ብሎ ሳቀ። «የእኔ ልጅ ሊያረጅ? እስከ ማታም ላይደርስ!»

የሻረግ ከሰዎቹ መሐል ወጣች። ልጇን አላቀፈችም። በእጇ መጅ ይዛለች፣ እህል የሚፈጭበትን የእጅ ድንጋይ፤ ከፋሽጋ ስትሸሽ ሌላውን ሁሉ ጥላ ይዛው የመጣችው ዕቃ ነው።

«የእኔንም ልጅ?» አለች።

«ስሙ ማን ነበር?»

«ሞላልኝ። እሑድ ቀበርኩት።»

ዘሃራ፣ ሱዳኖች ለሁሉም ነገር የሚሏትን «ማሌሽ» የተባለች ይቅርታ እንኳ አላለችም። የሻረግ መጁን አነሣች። ዘሃራ ፊቷን ለመከለል ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ መጁ ጣቶቿ ላይ አረፈ። የአጥንቱ ድምፅ እኔ ያለሁበት ድረስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ገቡ። በዱላም፣ በእርግጫም፣ በመዳፍም። የወደቀችበት አልታየኝም፤ የሚታየኝ ከፍ ዝቅ የሚል ክንድ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ። «መዝገቡ የእኔ ነው» ብዬ መውጣት እችል ነበር። ርቀቱ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አልወጣሁም። እሷም ከመዝገቡ ጋር ስሜን አልጠራችም።

ያዳናት ጋሽ ታረቀኝ ነው። ሁሉም ወደ እሷ ሲዞር በአራት እግሩ እየዳኸ መጋዘኑ ደረሰ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ደፉ ላይ ተቀመጠ። ደምና ጋዝ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«ኑ፣ ቁጠሩት!» አለ። «አንድ የጎደለ ካለ እሳቱን እኔው እለኩሳለሁ! እሷን ከገደላችሁ ግን ማን ስም ያወጣላችኋል? ማን ይጽፍላችኋል?»

ሦስት ሰዎች ገብተው ቆጠሩ። ሲወጡ አንደኛው ክብሪቱን ከጓደኛው እጅ ቀምቶ ኪሱ ከተተው። ሌሎቹ አንድ በአንድ ከዘሃራ ላይ ተነሡ።

ተሸክሜ ወደ ቆርቆሮው ቤት አስገባኋት። ሦስቱ ጣቶቿ ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል፤ ከዚያ ወዲህም ተመልሰው አልቀኑም። ከቶቧ ጫፍ ቀድጄ አሰርኩላት።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «አንተ ትጽፋለህ።»

«ሐኪም…»

«ጻፍ ነው የምልህ፣ ያ ኡስታዝ!»

የነገረችኝን ጻፍኩ። ሥራው አንድ መስመር መሰረዝ ነበር፤ ኮከብ ያለባትን። የውስጥ ስም ሲጠፋ ያ ክፍል የውጭውን ዓመት ያያል። እንደገና አስነሣሁት፤ የሞላልኝ ስም ላይ አቆምኩት፤ ዓመት ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩት። የእኛው ዓመት መጣ። «ሌላም ልጅ ጠይቅ» አለችኝ። ጠየቅኩ። «ሌላም።» ሦስተኛውም ልክ ሲሆን ዓይኗን ጨፈነች።

ቀትር ላይ ዝርዝሩ ወጣ። እኔ ላንብብ ብላት እምቢ አለች። ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ ወረቀቱን በግራ እጇ ይዛ፣ ባበጠ ከንፈሯ ማንበብ ጀመረች። ጋሽ ታረቀኝ ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ ጠዋት ለደበደቡት ሰዎች በሁለት እጁ ልውሱን ያድላል። ጥበቃውም ተመልሶ መጥቶ በሰልፉ ጎን ቆሟል። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም። የሚሰማው የሚጠራው ስም ብቻ ነው።

የሞቱትን ከዝርዝሩ ማውጣት የእኔ ሥራ ነበር። በዚያ ሁሉ መሐል ረሳሁት።

«ሞላልኝ አዱኛ» ብላ አነበበች ዘሃራ።

ካነበበች በኋላ ነው የገባት። ወረቀቱን ወደ ጭኗ አወረደችው። ሰልፉ ላይ ያሉት ወደ ኋላ ዞሩ።

የሻረግ ከኋላ መጣች። መጁ አሁንም በእጇ ነው። ዘሃራ ፊት ቆመች።

«ድገሚው» አለች።

«ሞላልኝ አዱኛ» አለች ዘሃራ።

የሻረግ መጁን መሬት ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን ዘረጋች። ጋሽ ታረቀኝ እኔን አየኝ፣ ዘሃራን አየ፤ ከዚያ የአንድ ልጅ የሳምንት ድርሻ ቆጥሮ ነጠላዋ ላይ አኖረላት። እሷም አንዱን አንሥታ ጫፉን በጥርሷ ቀደደችና እዚያው ቆማ መጥባት ጀመረች። ጉንጮቿ ወደ ውስጥ ገቡ። ስንት ቀን እንዳልበላች ያን ጊዜ አየሁ። ባዶውን ላስቲክ ጥላ ሁለተኛውን ቀደደች።

ጥበቃው ጠጋ ብሎ እጁን ዘረጋ። «ይኼ የልጅ ነው፤ ለአዋቂ ክልክል ነው» አላት።

«ተዋት» አለች ዘሃራ። «ስሙ ዝርዝሩ ላይ አለ።»